ከሰው አስተሳሰብና ስሜት ጋር የሚለዋወጥ በይነገጽ፦ የሚያየውና የማያየው

አንድ ሰው በስልኩ መተግበሪያ ገንዘብ ሊልክ የተቀባዩን ቁጥርና የገንዘቡን መጠን አስገብቶ ወደ ማረጋገጫው ገጽ ከደረሰ በኋላ ተመልሶ ይወጣል እንበል፤ ይህንንም ሦስት ጊዜ ይደጋግመዋል። መተግበሪያው ይህን በሚገባ ያውቃል፤ እያንዳንዱን ንክኪ፣ በንክኪዎቹም መካከል ያለፈውን ጊዜ በጥቃቅን የሰከንድ ክፍልፋይ መመዝገብ ይችላል። የማያውቀው ምክንያቱን ነው። ሰውየው ገንዘቡ ወደማይታወቅ ሰው እንዳይሄድበት የሚፈራ ጠንቃቃ ሊሆን ይችላል፤ ፊደሉ ደቅቆበት ይሆናል፤ የአገልግሎት ክፍያውን የሚገልጸው መስመር አልገባው ይሆናል፤ ወይም አጠገቡ ሕፃን እያለቀሰ ሐሳቡ ተበታትኖበት ይሆናል። ከተጠቃሚው አስተሳሰብና ስሜት ጋር ራሱን የሚያስማማ በይነገጽ ለመሥራት የሚደረገው ጥረት ሁሉ፣ በምርምርም ሆነ በንግድ፣ ማሽኑ በሚያየው ድርጊትና በማያየው ምክንያት መካከል ካለው ከዚህ ክፍተት ጋር የሚደረግ ትግል ነው።

በይነገጽ የሚባለው ሰው ከማሽን ጋር የሚገናኝበት የላይኛው ክፍል ነው። በማያው (በስክሪኑ) ላይ የምናያቸው አዝራሮችና ምናሌዎች፣ የፊደሉ መጠን፣ ስንሳሳት የሚመጣልን መልእክት አነጋገር፣ ድምፁና ንዝረቱ ጭምር በዚህ ስም ይጠቃለላሉ። ይህ ክፍል ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት መሆን የለበትም የሚለው ሐሳብ አዲስ አይደለም፤ ነገር ግን የሚስማማበት መንገድ ሁለት ነው። በመጀመሪያው መንገድ ለውጡን የሚያደርገው ተጠቃሚው ራሱ ነው፤ ፊደሉን ያሳድጋል፣ የጨለማ ገጽታ ይመርጣል፣ የማይፈልጋቸውን ማሳወቂያዎች ያጠፋል። በሁለተኛው መንገድ ግን ማሽኑ የሰውየውን አኳኋን ተመልክቶ፣ ስለ እርሱም ግምት ወስዶ፣ ሳይጠየቅ ይለወጣል። የዚህ ማብራሪያ ጉዳይ በዋናነት ሁለተኛው ነው። የጸሐፊው ሚዛን ወዴት እንደሚያደላ ከወዲሁ ለመናገር ያህል፣ ማሽኑ ሰውየው ባደረገው ነገር ላይ ተመሥርቶ ሲያግዝ ብዙ ጊዜ ይሳካለታል፤ ሰውየው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ወይም ውስጡ ምን እየተሰማው እንደሆነ አውቄያለሁ ብሎ ሲነሣ ግን በተደጋጋሚ ይስታል።

በዚህ መስክ ቀደምት ከሚባሉት ሥራዎች አንዱ አሜሪካዊቷ የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪ ኢሌይን ሪች በ1979 ያሳተሙት ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። ግራንዲ የተባለው ፕሮግራማቸው እንደ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆኖ ለአንባቢው ልብ ወለድ የሚመርጥ ነበር። አንባቢው ራሱን በጥቂት ቃላት እንዲገልጽ ይጠየቃል፤ ፕሮግራሙም ከቃላቱ ተነሥቶ ሰውየውን አስቀድመው ከተዘጋጁ የሰው ዓይነቶች ጋር ያዛምደውና ለእነዚያ ዓይነቶች ይስማማል የተባለውን መጽሐፍ ያቀርብለታል። ዛሬ ቪዲዮና ሸቀጥ የሚመርጡልን ሥርዓቶች ከዚህ እጅግ የረቀቁ ቢሆኑም አካሄዳቸው ያው ነው፤ ከጥቂት ምልክት ግምት ይወሰዳል፣ በግምቱም መሠረት የሚታየን ነገር ይለወጣል። ግራንዲ ግን አንባቢው መጽሐፉን ካልወደደው ጠይቆ ግምቱን ያርም ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጡት ብዙዎቹ ሥርዓቶች የተዉት መጠየቁን ነው።

ሐሳቡ በሰፊው የታወቀው፣ በሰፊው የተጠላውም፣ በማይክሮሶፍት ምክንያት ነው። በ1993 በኩባንያው የምርምር ክፍል ኤሪክ ሆርቪትዝና ባልደረቦቻቸው ሉሚዬር የተባለ ፕሮጀክት ጀመሩ። ዓላማው አንድ ሰው በኮምፒውተር ሲሠራ ምን ለማድረግ እንደፈለገና እርዳታ ያስፈልገው እንደሆነ በፕሮባቢሊቲ ስሌት መገመት ነበር። ሰውየው ምናሌዎቹን አንድ በአንድ እየከፈተ ምንም ሳይመርጥ ቢዘጋ፣ አንድ ነገር አድርጎ ወዲያው ቢሰርዘው፣ ወይም ድንገት ሥራውን አቁሞ ዝም ቢል፣ እያንዳንዱ ምልክት «ይህ ሰው ሳይቸገር አልቀረም» የሚለውን ግምት በመጠኑ ከፍ ያደርገዋል፤ ግምቱም አዲስ ማስረጃ በመጣ ቁጥር ይሻሻላል።

ከስሌቱ ይልቅ ለጉዳያችን የሚጠቅመው ቡድኑ አስቀድሞ ያደረገው ሙከራ ነው። ተመራማሪዎቹ የሶፍትዌሩን ባለሙያዎች በአንድ ክፍል፣ ተጠቃሚዎችን በሌላ ክፍል አስቀመጡ። ባለሙያዎቹ የሚያዩት የተጠቃሚውን ማያ ብቻ ነው፤ ሰውየውን አያዩትም፣ ሊጠይቁትም አይችሉም። ተጠቃሚው ደግሞ ምክሩን የሚሰጠው ኮምፒውተሩ ይመስለዋል። ባለሙያዎቹ ብዙ ጊዜ የሰውየውን ፍላጎት ቀስ በቀስ ይደርሱበት ነበር፤ ሲሳሳቱ ግን ነገሩ የከፋ ሆነ። ተጠቃሚው በትክክለኛው መንገድ ላይ እያለ እንኳ የተሳሳተ ምክር ሲመጣለት ሐሳቡ ይሰረቅና የተመከረውን ነገር መሞከር ይጀምራል። ባለሙያውም ይህን አይቶ «ግምቴ ልክ ነበር» ይልና ሌላ የተሳሳተ ምክር ይጨምራል። የተሳሳተው ግምት ራሱ ለራሱ ማስረጃ ፈጠረ ማለት ነው። ማሽኑ ቀርቶ የሰው ባለሙያ፣ በእጁ ማያውን ብቻ ይዞ፣ በዚህ ወጥመድ ይያዛል። ዛሬም አንድ መተግበሪያ ያቀረበልንን ነገር ስለነካን ብቻ ወደነዋል ብሎ ሲያበዛብን የምናየው ያንኑ ወጥመድ ነው።

ወደ ገበያ የወጣው ነገር ከምርምሩ እጅግ የቀለለ ነበር። በኩባንያው የቢሮ ሥራ ፕሮግራም በኦፊስ 97 ላይ የቀረበው ረዳት፣ ሰዎች ክሊፒ ብለው የሚያውቁት ዓይናማው የወረቀት ማያያዣ፣ የአንድን ሰው ልምድ ከቀን ወደ ቀን አይከታተልም ነበር፤ የሚመለከተው የቅርብ ጊዜውን ድርጊት ብቻ ነው። ስለዚህ ደብዳቤ የሚመስል ነገር በተጀመረ ቁጥር ደብዳቤ እየጻፉ ነውን፣ ልርዳዎትን እያለ ይመጣል፤ ስንት ጊዜ እንደተባረረ አያስታውስም። በ2001 በወጣው ኦፊስ ኤክስፒ ላይ ካልተፈለገ በቀር እንዳይታይ ተደረገ፤ በኦፊስ 2007 ደግሞ ጨርሶ ተወገደ። ብዙ ሰው ክሊፒን የሚያስታውሰው እንደ ቀልድ ነው፤ ለኔ ግን የሚነበበው ቁምነገር ሌላ ነው። ሆርቪትዝ በ1999 ባሳተሙት ጽሑፍ ማሽን ሳይጠየቅ ከመሥራቱ በፊት ሦስት ነገሮችን መመዘን አለበት ብለው ነበር፤ ዝም ማለት ምን ያስከፍላል፣ መጠየቅ ምን ያስከፍላል፣ ተሳስቶ መሥራትስ ምን ያስከፍላል? ክሊፒ ይህ ሚዛን አልነበረውም። ከርሱ በኋላ የመጡ ስንቶቹ አላቸው ብለን ብንጠይቅ መልሱ የሚያኮራ አይሆንም።

ከክሊፒ ያነሰ የታወቀ፣ ነገር ግን የበለጠ የሚያስተምር ሌላ ሙከራ አለ። በኦፊስ 2000 ላይ ምናሌዎቹ ከተጠቃሚው ጋር እንዲለዋወጡ ተደረገ፤ ብዙ ጊዜ የሚነኩት ትእዛዞች ይታያሉ፣ የማይነኩት ይደበቃሉ። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ሲታይ ስሕተት የሌለበት ይመስላል። አጭር ዝርዝር ለማየት ይቀላል፣ የሚያስፈልገውም ከፊት ይመጣል። በተግባር ግን ሰው ምናሌን የሚያነበው ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጊዜያት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ እጁ ቦታውን ለምዶ ሳያነብ ይሄዳል። ማዕድ ቤት ውስጥ ብዙ የተነካው የበርበሬ ዕቃ በየሌሊቱ ወደ ፊት፣ ያልተነካው የሽሮ ዕቃ ወደ ጓዳ ቢሄድ ባለቤቷ ትገላገላለች ወይስ ትደናገራለች? ለውጡ የተሠራው ለእርሷ ምቾት መሆኑ መደናገሯን አያስቀረውም።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም፤ ተለክቷል። ሊያ ፊንድሌተርና ጆአና ማክግሬነር በካናዳው የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ሦስት ዓይነት ምናሌዎችን አወዳደሩ፤ የማይለወጥ፣ ተጠቃሚው ራሱ የሚለውጠው፣ እና በራሱ የሚለዋወጥ። የማይለወጠው ምናሌ በራሱ ከሚለዋወጠው ይልቅ ፈጣን ሆኖ ተገኘ፤ አብዛኞቹ ተሳታፊዎች ደግሞ የመረጡት ራሳቸው የሚለውጡትን ነው። ከዚህ በመነሣት በራሱ የሚለወጥ ነገር ሁሉ ከንቱ ነው ማለት ግን አይቻልም። ክርዚሽቶፍ ጋዮስና ባልደረቦቹ በ2006 እንዳሳዩት፣ ብዙ ጊዜ የሚፈለጉት ትእዛዞች ቅጂ በተለየ ስፍራ ቢቀመጥና ዋናዎቹ ከቦታቸው ባይነቀሉ፣ ሰዎች ይጠቀሙበታል፣ ይወዱታልም። ግምቱ ቢስት እንኳ የለመዱት ቦታ እንዳለ ነው። ፊንድሌተርም በ2009 ከባልደረቦቿ ጋር ሌላ ብልሃት አቀረበች፦ ምናሌው ሲከፈት ይፈለጋሉ ተብለው የተገመቱት ትእዛዞች ወዲያው ይታያሉ፣ ሌሎቹ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ቀስ ብለው እዚያው ስፍራቸው ላይ ይገለጣሉ። ቦታ አይቀየርም፤ የሚቀየረው ዓይን ቀድሞ የሚያርፍበት ብቻ ነው። ከእነዚህ ሥራዎች የሚወጣው ቁምነገር፣ ማሽኑ የመሳሳት መብት የሚኖረው ስሕተቱ ተጠቃሚውን ምንም በማያሳጣበት ቦታ ላይ ብቻ መሆኑ ነው።

እስካሁን ያልነው በልማድና በድርጊት ላይ የቆመ ነው። ስለ አስተሳሰብ ዘይቤ ስንናገር ግን መሬቱ ይሳሳል። በሥነ ልቦና ውስጥ ሰዎች መረጃ የሚቀበሉበትና የሚያሰላስሉበት መንገድ እንደሚለያይ ማጥናት የቆየ ባህል አለው። አሜሪካዊው ኸርማን ዊትኪን ከ1940ዎቹ ጀምሮ ባደረጓቸው ሙከራዎች ሰዎችን በጨለማ ክፍል ውስጥ ያስቀምጡና የሚያበራ ዘንግ በተንጋደደ የሚያበራ አራት ማዕዘን መካከል ያሳዩዋቸዋል፤ ዘንጉን ቀጥ ብሎ እንዲቆም አድርጉት ይሏቸዋል። አንዳንዶች የአራት ማዕዘኑን መንጋደድ ችላ ብለው ዘንጉን ያቀናሉ፤ ሌሎች ደግሞ ከአራት ማዕዘኑ ጋር አብረው ያጋድሉታል። ከዚህ በመነሣት አንዱን ነገር ከከበበው ነገር ነጥሎ የማየት ዝንባሌ ከሰው ሰው እንደሚለያይ ተነገረ። የበይነገጽ ተመራማሪዎችም መረጃ በበዛበት ገጽ ላይ የሚጠፋውና የማይጠፋው ሰው ልዩነት ከዚህ ይመነጭ እንደሆነ ሲፈትሹ ኖረዋል። ጀሮም ኬገን ደግሞ ፈጥነው የሚመልሱትንና አመዛዝነው የሚመልሱትን ልጆች የሚለይ ፈተና አዘጋጁ።

ችግሩ የሚመጣው ከልዩነቱ መኖር ወደ «ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዓይነት የተለየ ገጽ እንሥራ» ሲታለፍ ነው። ለዚህ ጥሩ ማስጠንቀቂያ የሚሆነው በትምህርት ዓለም የተስፋፋው የመማር ዘይቤ አስተምህሮ ነው፤ አንዱ በማየት፣ አንዱ በመስማት፣ አንዱ በመዳሰስ ይማራል፤ ትምህርቱም እንደየዘይቤው ይሰጥ የሚለው። በ2008 ሃሮልድ ፓሽለርና ሦስት ባልደረቦቹ ማስረጃውን ሲመረምሩ፣ ሰዎች ምርጫ እንዳላቸው እውነት ቢሆንም ትምህርቱን ከምርጫቸው ጋር ማስማማት ውጤታቸውን እንደሚያሻሽል የሚያሳይ በቂ ማስረጃ እንደሌለ ደመደሙ። የወደዱት ነገርና የጠቀማቸው ነገር ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ስለዚህ አንድ መተግበሪያ በአምስት ጥያቄ «የእይታ ሰው ነዎት» ብሎ ከዚያ በኋላ ጽሑፍ ቢደብቅብን ልንጠራጠረው ይገባል።

ከዓይነት ይልቅ የተሻለ መሠረት ያለው ዕውቀት ነው። ካልዩጋ፣ ስዌለርና ባልደረቦቻቸው በ2003 እንዳብራሩት፣ ለጀማሪ የሚረዳው ደረጃ በደረጃ የተዘረዘረ ማብራሪያ ለዐዋቂው ሸክም ይሆናል፤ የሚያውቀውን ነገር እንደገና ከራሱ ዕውቀት ጋር ለማስታረቅ አእምሮውን ያባክናልና። ይህ ለበይነገጽ ንድፍ ቀጥተኛ ትርጉም አለው። አንድ ሰው አንድን ተግባር ስንት ጊዜ በተሳካ ሁኔታ እንደፈጸመ መቁጠር ይቻላል፤ ስለ ነፍሱ ምንም መገመት ሳያስፈልግ ማብራሪያውን ቀስ በቀስ መቀነስ፣ ሲፈልግም እንዲመልሰው ማድረግ ይቻላል።

ሌላው ብልሃት ሰዎችን በዓይነት መክፈሉን ትቶ ገጹን ራሱን መመርመር ነው። በአሜሪካ የኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲዋ ማርጋሬት በርኔት ከባልደረቦቻቸው ጋር ጀንደርማግ የተባለ የመፈተሻ ዘዴ ሠርተዋል። ዘዴው አምስት ነገሮችን ይመለከታል፤ ሰውየው ቴክኖሎጂውን ለምን ይጠቀምበታል፣ መረጃን አስቀድሞ ሁሉን አንብቦ ነው ወይስ እየሄደ ነው የሚሰበስበው፣ በኮምፒውተር ላይ በራሱ ምን ያህል ይተማመናል፣ ለስጋት ያለው አመለካከት ምንድን ነው፣ አዲስ ነገር የሚማረው በሥርዓት ነው ወይስ እየነካካ። በጥናቶች ውስጥ ሴቶችና ወንዶች በአማካይ በእነዚህ ነገሮች ላይ ወደተለያየ ጫፍ ያዘነብላሉ፤ ግን ማንኛውም ሰው የትኛውም ጫፍ ላይ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው «ተጠቃሚያችን የትኛው ነው?» አይደለም፤ «ይህ ገጽ ቀስ ብሎ አንብቦ የሚገባውን ሰው ያግዛል? ነካክቶ የሚማረውንስ?» ነው። ብዙ ጊዜ መልሱ የሚገኘው በቀላል ነገር ነው። ከመነካቱ በፊት ምን እንደሚሆን የሚናገር አዝራር፣ ከተነካም በኋላ ወደ ኋላ የሚመልስ መንገድ። የመጀመሪያው ጠንቃቃውን፣ ሁለተኛው ደፋሩን ያገለግላል። በመግቢያው የጠቀስነው ገንዘብ ላኪም የተቀባዩ ስም በትልቁ ተጽፎ፣ የአገልግሎት ክፍያውና ጠቅላላ ሂሳቡ በአንድ ቦታ ቢታየው፣ ከአራቱ ምክንያቶች በየትኛው እንደተመለሰ ማሽኑ ማወቁ አስፈላጊነቱ ይቀንሳል።

የባህልና የንባብ ልምድ ልዩነትም በዚሁ ሚዛን ሊታይ ይችላል። ካታሪና ራይኔክ በስዊዘርላንድ ዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ፣ ተጠቃሚው በኖረባቸው አገሮች ላይ ተመሥርቶ መነሻ ገጽታውን የሚያዘጋጅ፣ ከዚያም ተጠቃሚው እንዲለውጠው የሚተው ሥርዓት ሠርተው ከአብርሃም በርንስታይን ጋር በ2011 ባሳተሙት ጥናት 41 ተሳታፊዎች ለነርሱ በተዘጋጀው ገጽ 22 በመቶ ፈጥነው ሠርተዋል። በሕንድ ደግሞ ኢንድራኒ ሜዲና ባልደረቦቿ ማንበብ በማይችሉ ሰዎች ዘንድ እያደር ወደ ውስጥ ከሚገባ ደረጃ በደረጃ ምናሌ ይልቅ ሁሉን በአንድ ዝርዝር የሚያሳይ ገጽ እንደሚሻል አሳይተዋል። ይህ ለኛ አገር ሩቅ ነገር አይደለም። በ2021 የተጀመረው ቴሌብር ስማርት ስልክ ለሌላቸው ሰዎች በ*127# በኩል ይሠራል፤ ይህ መንገድ ደግሞ ከባሕርዩ ቁጥር እየመረጡ ወደ ውስጥ የሚገቡበት፣ በጊዜ የተገደበ፣ ምስል የማይቀበል ምናሌ ነው። እናት ልጃቸውን «ግባልኝና ላክልኝ» ሲሉ ብዙ ጊዜ የቸገራቸው ቁጥሩን መንካት ሳይሆን ከሦስት ደረጃ በኋላ የት እንደደረሱ ማስታወስ ነው። ምናሌውን ማሳጠርና ተዘውታሪውን አገልግሎት ወደ መጀመሪያው ገጽ ማምጣት፣ ማንም ሰው ሳይመደብና ሳይሰለል፣ ከአስተሳሰብ ጋር ማስማማት ነው።

አሁን ወደ ስሜት እንለፍ። በአሜሪካው ኤም አይ ቲ ሮዛሊንድ ፒካርድ በ1990ዎቹ አጋማሽ ኮምፒውተሮች የሰውን ስሜት ማወቅና ለስሜቱ ምላሽ መስጠት አለባቸው የሚል የምርምር ዘርፍ መሠረቱ። ምልክቶቹ ብዙ ናቸው፤ የፊት ጡንቻ፣ የድምፅ ቃና፣ የልብ ምት፣ የቆዳ ላብ፣ ሰው ኪቦርድ የሚጫንበት ኃይል፣ ማውስ የሚያንቀሳቅስበት ፍጥነት። እነዚህ ምልክቶች እውነተኛ ናቸው፤ ሰው ሲጨነቅ ቁልፎቹን ጠንከር አድርጎ እንደሚጫን፣ ሲከፋው የማውሱ እንቅስቃሴ እንደሚዘገይና እንደሚዞር በሙከራ ታይቷል። ነገር ግን አብዛኞቹ የሚናገሩት ሰውነት መነቃቃቱን እንጂ የስሜቱን ስም አይደለም። የቆዳ ላብ በፍርሃትም በደስታም ይጨምራል። ደረጃ ሲወጣ የቆየ ሰውና ፈተና ላይ የተቀመጠ ሰው የልብ ምታቸው ሊመሳሰል ይችላል።

ፊትን ማንበብ ከሁሉ በላይ ገበያ ያገኘው ነው። መነሻው ፖል ኤክማንና ዋላስ ፍሪሰን በ1978 ያሳተሙት፣ የፊትን ጡንቻዎች እንቅስቃሴ አንድ በአንድ የሚመዘግብ ሥርዓት ነው። እንቅስቃሴውን መመዝገብ ለኮምፒውተር ካሜራ ከባድ አይደለም፤ ቅንድብ ወረደ፣ የከንፈር ጫፍ ተነሣ ማለት ይቻላል። ከዚያ ተነሥቶ «ተቆጥቷል»፣ «ተደስቷል» ማለት ግን ሌላ ደረጃ ነው። በ2019 ሊሳ ፌልድማን ባሬትና አራት ባልደረቦቿ ከ1,000 በላይ ጥናቶችን መርምረው፣ ሰዎች ሲቆጡ ሁልጊዜ እንደማይኮሳተሩ፣ የተኮሳተረም ሁሉ እንዳልተቆጣ፣ አገላለጹም እንደ ባህሉና እንደ ሁኔታው እንደሚለያይ አቀረቡ። ሐሳቡን አጥብቆ እያሰበ የሚኮሳተር ሰው በየቢሮው አለ። እኛም ጥርስ ባዳ ነው ስንል የኖርነው በከንቱ አይደለም፤ ኀዘን ቤት ውስጥ እንግዳ ሲገባ ፈገግ ያለን ሰው ካሜራው ደስተኛ ብሎ ይመዘግበዋል። ማይክሮሶፍት ራሱ በ2022 ከፊት ማወቂያ አገልግሎቱ ላይ ስሜትን የሚገምተውን ክፍል ማቋረጡን አስታውቋል።

ይህ ሁሉ ሲባል ስሜትን ከግምት ያስገባ በይነገጽ ምንም አይጠቅምም ማለት አይደለም። ፒካርድ ከጆናታን ክላይንና ከያንግሚ ሙን ጋር በ2002 ያሳተሙት ሙከራ ለኔ ከሁሉም የሚያምረው ነው። ተሳታፊዎቹ ሆን ተብሎ እየተንቀራፈፈ የሚያበሳጫቸው የኮምፒውተር ጨዋታ ተጫወቱ። ከዚያ ለአንዳንዶቹ ኮምፒውተሩ ስለ ስሜታቸው ጠየቃቸው፣ የነገሩትንም በአጭሩ መልሶ እየነገራቸው በመበሳጨታቸው አዘኔታውን ገለጸ፤ ለሌሎቹ ይህ አልተደረገም። በመጨረሻ ጨዋታው ያለ መንቀራፈፍ ሲቀርብ፣ ስሜታቸው የተደመጠላቸው ሰዎች ከሌሎቹ ይበልጥ ረዘም ላለ ጊዜ ተጫወቱ። እዚህ ላይ ካሜራ የለም፣ ዳሳሽ የለም። ማሽኑ የሰውየውን ስሜት ያወቀው ጠይቆ ነው።

በሜምፊስ ዩኒቨርሲቲ አርተር ግሬሰርና ሲድኒ ድሜሎ የሠሩት አውቶቱተር የተባለ የማስተማሪያ ሥርዓት ደግሞ የተማሪውን መሰላቸት፣ ግራ መጋባትና ብስጭት ከንግግሩ፣ ከፊቱና ከአቀማመጡ ለመገመት ሞክሯል፤ ሲገምትም በማበረታቻና በርኅራኄ ይመልሳል። ዝቅተኛ ዕውቀት ይዘው የመጡ ተማሪዎች በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ተጠቀሙ፤ የተሻለ ዕውቀት የነበራቸው ግን አልተጠቀሙም። ከዚሁ ቡድን የወጣ ሌላ ግኝት ደግሞ ነገሩን ያወሳስበዋል፤ ግራ መጋባት፣ ተማሪው እንዲፈታው ከታገዘ፣ ለመማር የሚጠቅምበት ጊዜ አለ። እንግዲህ ግራ መጋባትን ባየ ቁጥር መልሱን የሚያቀብል ሥርዓት ደግ ይመስላል እንጂ የተማሪውን ሥራ ይቀማዋል። ስሜትን በትክክል ማወቅ ብቻውን ምን ማድረግ እንደሚገባ አይነግርም፤ በዚህ ዘርፍ የሚነገሩት የንግድ ማስታወቂያዎች የሚዘሉት ይህንን ነው።

ጠበብ ያለ ዓላማ ያላቸው ሥርዓቶች የተሻለ ይሳካላቸዋል። የአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በሚመዘገቡ አዳዲስ መኪኖች ላይ የአሽከርካሪን ድካምና ንቃት የሚከታተል ማስጠንቀቂያ እንዲኖር ግዴታ አድርጓል። ይህ ሥርዓት አሽከርካሪው ያዝናል ወይም ይቆጣል አይልም፤ መሪው አያያዝ ላይ ወይም መኪናው መስመሩን በሚጠብቅበት ሁኔታ ላይ የሚታይ ለውጥን በዋናነት ይከተላል፤ ቢሳሳት የሚያስከፍለው አንድ አላስፈላጊ ድምፅ ነው። በሌላው በኩል ደግሞ ጭራሽ የማይገምቱ መፍትሔዎች አሉ። አፕል በ2023 የማሰብና የመረዳት ችሎታቸው ላይ ጉዳት ላለባቸው ሰዎች አዝራሮቹ የገዘፉበት፣ ምርጫዎቹ የቀነሱበት የአይፎን ገጽታ አቅርቧል፤ የሚያዘጋጀው ባለቤቱ ወይም የሚረዳው ቤተሰብ ነው። በድረ ገጽም እንቅስቃሴ የሚያዞረው ሰው በስልኩ ቅንብር ላይ አንድ ጊዜ ካሳወቀ ገጾቹ እንቅስቃሴያቸውን ሊቀንሱለት ይችላሉ። ከግምት ይልቅ ጥያቄ፣ ከካሜራ ይልቅ ቅንብር ማለት ነው። እነዚህ እንደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ዜና አይሆኑም፤ ለብዙ ሰው ግን የዕለት ኑሮ የሚያቀሉት እነርሱ ናቸው።

ስሜትን የሚያውቅ ማሽን ስሜትን መለወጥም ይችላል። በጥር 2012 ፌስቡክ ለአንድ ሳምንት የ689,003 ተጠቃሚዎችን የዜና ገጽ እየለዋወጠ ለአንዳንዶቹ ደስ የሚያሰኙ፣ ለሌሎቹ የሚያሳዝኑ ጽሑፎች እንዲቀንሱ አደረገ፤ ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው የሚጽፉት ነገር በጥቂቱም ቢሆን ወደዚያው አቅጣጫ ተሳበ። ውጤቱ በሰኔ 2014 ታትሞ ሲወጣ ተቃውሞው የበረታው ለውጡ ትልቅ ስለነበር አይደለም፤ እጅግ ጥቂት ነበር። ሰዎቹን ያስቆጣው ማንም ሳይጠይቃቸው መደረጉ ነው። ለድካማችን ገጹን የሚያቀልልን ሥርዓት ያንኑ ድካም አይቶ የማንፈልገውን ነገር ለመሸጥ አመቺውን ሰዓት ሊመርጥበት ይችላል፤ ምልክቱ አንድ ነው፣ የሚለየው ማን እንደያዘው ነው።

ሕግ እዚህ ላይ ገና እየተጀመረ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕግ ከየካቲት 2025 ጀምሮ በሥራ ቦታና በትምህርት ቤት የሰዎችን ስሜት የሚገምቱ ሥርዓቶችን፣ ከሕክምናና ከደኅንነት ምክንያት በቀር፣ ከልክሏል። ሠራተኛና ተማሪ እምቢ ለማለት አቅም ስለሌላቸው ይህ ትክክለኛ መነሻ ይመስለኛል። ይሁን እንጂ ክልከላው የሚመለከተው ከሰውነት ምልክቶች፣ ከፊት፣ ከድምፅ፣ ቁልፍ ከሚጫኑበት ሁኔታና ከመሳሰሉት የሚነሡትን ግምቶች ብቻ ነው። ሱቅ፣ ማስታወቂያ፣ ጨዋታና የግል መተግበሪያ ከክልከላው ውጭ ናቸው። ሰው ከጻፈው ጽሑፍ ይዘት ስሜቱን መገመትም እንዲሁ፤ ዛሬ ብዙ ሰው ከጽሑፍ አወያይ ፕሮግራሞች ጋር ሌሊት ተቀምጦ የሆዱን የሚያወራው ደግሞ በዚሁ በጽሑፍ ነው።